የኬተንስቪል መዛግብት
በአውሮጳውያን አቆጣጠር ሜይ 17 ቀን 1968፣ የቬትናም ጦርነት በጋመበት ወራት፣ ዳንኤልና ፊሊፕ ቤሪጋን የተባሉ ወንድማማች ካህናት የሚገኙባቸው ዘጠኝ ካቶሊካውያን፣ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ኬተንስቪል ወደሚገኘው የግዳጅ ወታደር ምልመላ ጽሕፈት ቤት ገብተው፣ 378 መዛግብት በሽቦ ቅርጫት ወደ ደጅ አውርደው፣ ከቤንዚንና ከሳሙና ፍርፋሪ በገዛ እጃቸው ያዘጋጁትን፣ ናፓልም የተባለ ተቀጣጣይ ድብልቅ አርከፍክፈው አቃጠሉአቸው። መሸሽ ሲችሉም «አባታችን ሆይ» እየደገሙ ፖሊስን ጠበቁ። በቬትናም ናፓልም መንደርና ሕፃናትን ሲያነድ ዝም ያለ ሕግ፣ ወረቀት ሲነድ መቈጣቱ፣ እንደ እኔስ ከእሳቱ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ሦስት ዓመት ወህኒ የተፈረደበት ዳንኤል፣ እጁን መስጠት ሲገባው በ1970 ተሰውሮ፣ እየታሰሰም ሳለ በአንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ስብከት አሰምቶ፣ አራት ወር ያህል ከቈየ በኋላ፣ ወፍ ተመልካች መስለው የመጡ የፌዴራል መርማሪዎች በብሎክ ደሴት ያዙት።