ፎልክሬስ
በፊንላንድና በስዊድን የተለመደ የጀማሪዎች የአፈር ሜዳ የመኪና ውድድር። አሮጌ የቤት መኪና መስታወቱ ይወልቃል፣ ውስጡ በቱቦ ብረት ይበየዳል፤ ነጂው ሄልሜት አጥልቆ በቀበቶ ይታሰራል። ብልሃቱ ግን ዋጋው ላይ ነው፦ ከውድድሩ በኋላ ሌላው ተወዳዳሪ መኪናውን በተወሰነው ዋጋ ልግዛ ቢል ባለቤቱ እምቢ ማለት አይችልም። ስለዚህ ሞተር ላይ ብር ማፍሰስ ለሌላ ሰው መድከም ነው፤ ግሩም ሕግ!

ይህን ውድድር ደብረ ታቦር ላይ እንሞክረው ቢባል ግን ሒሳቡ ይለያል። ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ቁልቁል ወርደው ፎገራ ሜዳ ላይ ቢሞክሩት ደግሞ የክረምቱ ዋልካ ጎማ ይዞ አይለቅም። ከሁሉ የሚብሰው፣ እዚህ አገር የሚጣል መኪና የለም፤ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባትም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል።