ስልሳ ስምንት ዓመት ተኩል

አንድ ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ቦታ ገዛ። «ገዛ» የምለው በእኛ አነጋገር ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን መሸጥ፣ መግዛት የሚል ቃል የለም። ወረቀቱ የሚለው ገበሬው መሬቱን «በስጦታ» እንደሰጠው ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ፈረሙ፣ ቡና ተፈላ፣ ብሩ ከፌስታል እየወጣ ተቆጠረ። ብሩ ከየት መጣ? ሲሶው ከእቁብ፣ ሲሶው ዱባይ ሰው ቤት ከምትሠራው እህቱ፣ የቀረው ከሚስቱ ወርቅ። ባንክስ? ባንክማ ምን ብሎ! ሕግ የማያውቀውን ሽያጭ ማን ያበድርበታል?

አሁን ጓደኛዬ ሁለት ክፍል ቤት ሠርቶ ገብቷል፣ ጎመን ተክሏል፣ ዶሮ ያረባል። እንቅልፉ ግን ሙሉ አይደለም። ውሻ በጮኸ ቁጥር አፍራሽ ግብረ ኃይል የመጣ ይመስለዋል።

እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ገጠር ገብቶ የሚኖርበት፣ የሚያርሰው መሬት መግዛት ለሚፈልግ ደሃ በዓለም ላይ ማን አበድሮ ያውቃል? በምን ያህል ወለድ? ለስንት ዓመት? ይህን ስከታተል አየርላንድ ደረስኩ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ወደ አገራችን ስመለስ ዓ.ም. እላለሁ።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን የአየርላንድ ገበሬ ሕይወት አያቶቻችን ቢሰሙት አይገርማቸውም ነበር። በ1870 አካባቢ ያረሰው መሬት የራሱ የሆነ ገበሬ ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነበር። የአገሪቱን መሬት ግማሽ 750 ገደማ ቤተሰቦች ይዘውታል፤ አንዳንዶቹም ከአገሩ ውጭ ተቀምጠው ኪራይ የሚያሰበስቡ ናቸው። የእኛ ጭሰኛ ከምርቱ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩሌታ ይሰጥ ነበር። የአየርላንዱ የሚከፍለው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ይሄ ደግሞ ይብሳል። ዝናብ ቢጠፋ ወይም ዋጋ ቢወድቅ የምርት ሲሶ አብሮ ያንሳል፣ ጥሬ ገንዘብ ግን አያንስም። ከ1845 ጀምሮ ድንቹ በበሽታ ሲመታ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። ኪራይ ያልከፈለው ቤቱ በላዩ ላይ ፈረሰበት።

በ1850 ማዮ በሚባል አውራጃ ከተባረሩት ቤተሰቦች መካከል የአራት ዓመት ልጅ የያዘ አንድ ነበር። ልጁ ማይክል ዴቪት ይባላል። ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ተሰዶ በ11 ዓመቱ ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ማሽን ቀኝ እጁን ወሰደው። ይህ አንድ እጅ ያለው ሰው ነው በ1879 የመሬት ማኅበር የሚባለውን የጭሰኞች ንቅናቄ የመሠረተው። ትግላቸውም ሳናውቀው ለአማርኛ ሳይቀር አንድ ቃል አውርሶናል። በ1880 ቻርልስ ቦይኮት የተባለ የመሬት ወኪል ጭሰኞችን ሊያባርር ሲነሳ ጎረቤቱ ሁሉ አገለለው። አጫጅ ጠፋ፣ ፖስታ የሚያደርስለት ጠፋ፣ ሱቁም አልሸጥለት አለ። አዝመራውን ለመሰብሰብ 50 ሠራተኞች ከሰሜን መጥተው በመቶዎች በሚቆጠር ወታደርና ፖሊስ ተጠበቁ፤ የጥበቃው ወጪ ከአዝመራው ዋጋ ብዙ እጥፍ በለጠ። «ቦይኮት» ማለት እንግዲህ የሰውየው ስም ነው።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙም የማይወራው የገንዘቡ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ታሪክ እሱ ሆነብኝ።

የለንደን መንግሥት ሁከቱ ሲያስጨንቀው «ጭሰኛው መሬቱን ይግዛና ይረፍ» የሚል ሐሳብ ያዘ። በ1870 የወጣው ሕግ የዋጋውን ሁለት ሦስተኛ መንግሥት ያበድራል፣ ገበሬው በ35 ዓመት በአምስት በመቶ ይመልሳል አለ። አሪፍ ይመስላል አይደል? የቀረውን ሲሶ ግን ገበሬው ከኪሱ ማምጣት አለበት። ኪራይ መክፈል አቅቶት የሚባረር ሰው የመሬት ዋጋ ሲሶ ከየት ያመጣል? በዚህ ሕግ የገዙት አንድ ሺህ አልሞሉም። በ1881 መዋጮው ወደ ሩብ ዝቅ አለ፤ አሁንም አንድ ሺህ ሰው አልተገኘም።

በ1885 አንድ ነገር ተለወጠ። የአሽቦርን ሕግ የሚባለው ሙሉ ዋጋውን አበደረ። መዋጮ የለም፤ 49 ዓመት፣ በዓመት አራት በመቶ። የዓመቱ ክፍያ ከቀድሞው ኪራይ ሲያንስ ገበሬው ዓይኑን አላመነም። የተመደበው አምስት ሚሊዮን ፓውንድ በሦስት ዓመት ውስጥ አልቆ ሌላ አምስት ሚሊዮን ተጨመረ። ችግሩ የባለርስቶቹ ነበር። አብዛኞቹ በዚያ ዋጋ መሸጥ አልፈለጉም።

በ1902 መጨረሻ የባለርስቶችና የጭሰኞች ተወካዮች ደብሊን ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ሃያ ዓመት ሲዋጉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የተስማሙበት ሐሳብ በ1903 ዊንደም በተባለው ሚኒስትር ስም የሚጠራ ሕግ ሆኖ ወጣ። ብድሩ ለ68 ዓመት ተኩል ነው። ዓመታዊ ክፍያው 3.25 በመቶ፤ ከእሱ ውስጥ 2.75 ወለድ፣ ግማሽ በመቶ ደግሞ ዋናውን ዕዳ ቀስ እያለ የሚበላ።

እስቲ እናስላው። አንድ ጭሰኛ በዓመት 20 ፓውንድ ኪራይ ይከፍል ነበር እንበል። ሕጉ የሚፈልገው አዲሱ ክፍያ ከኪራዩ ከ10 እስከ 40 በመቶ እንዲያንስ ነው፤ ስለዚህ 15 ፓውንድ ላይ ተስማሙ። 15 ፓውንድ 3.25 በመቶ የሚሆንለት ዋጋ 461 ፓውንድ ገደማ ነው። መንግሥት ይህን ለባለርስቱ በአንዴ፣ በጥሬ ገንዘብ ይቆጥርለታል። በዚያ ላይ «ስለሸጥክልን» ብሎ 12 በመቶ ጉርሻ ይጨምርለታል፤ ይህኛው ከግምጃ ቤት ነው እንጂ በገበሬው ዕዳ ላይ አይደመርም። ባለርስቱ 516 ፓውንድ ያህል ይዞ ይወጣል። በ3.5 በመቶ ቢያስቀምጠው በዓመት 18 ፓውንድ ያገኛል። ከ20ው ኪራይ ብዙም አይርቅም፤ ያውም ያለ ፖሊስ፣ ያለ ቦይኮት። ገበሬውስ? ትናንት 20 ይከፍል የነበረው ዛሬ 15 ይከፍላል፣ ደግሞ ኪራይ ሳይሆን የራሱን ዕዳ። ጠቅላላውን ብታሰሉት ከ1,000 ፓውንድ በላይ ነው፤ ከዋጋው እጥፍ ይበልጣል። በ30 ዓመቱ የፈረመ ሰው ዕዳውን የሚጨርሰው በ98 ዓመቱ ነው። በሌላ አነጋገር አይጨርሰውም፤ ልጁ ይጨርሰዋል፣ ወይም የልጅ ልጁ።

መጀመሪያ ይህን ሳነብ «ይሄማ ወጥመድ ነው» አልኩ። ግን አልነበረም። ክፍያው ቁርጥ ነው፤ አይጨምርም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጥቶ የከብትና የቅቤ ዋጋ ሰማይ ሲነካ 15 ፓውንዱ ያው 15 ፓውንድ ሆኖ ቀረ። ከመቶ ሦስት ብቻ የነበረው ባለመሬት ገበሬ በ1920ዎቹ መጨረሻ ከመቶ 97 ደረሰ። አንድም ባለርስት አልተሰቀለም። ይህን ስጽፍ የእኛ ነገር ትዝ ሳይለኝ አልቀረም።

ብድር ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ሩሲያን እዩ። ዛር አሌክሳንደር ሁለተኛ በ1861 ገባሮችን ነፃ አወጣ ይባላል። መሬቱን ግን በዕዳ ነው የወሰዱት። ከዋጋው 20 በመቶ ገበሬው፣ 80 በመቶ መንግሥት ለባለርስቱ ይከፍላል፤ ገበሬው ለመንግሥት በስድስት በመቶ ለ49 ዓመት ይመልሳል። ዋጋው የተሰላው በመሬቱ የገበያ ዋጋ አልነበረም። ገበሬው ቀድሞ ለጌታው ይከፍለው የነበረውን ዓመታዊ ገንዘብ መነሻ አድርገው አሰሉት፤ ስድስት ሩብል ይከፍል የነበረ የ100 ሩብል ዋጋ ወጣበት። ለምነቱ ደካማ በሆነው ሰሜን ይህ ከገበያው በጣም ይበልጣል። ሰውየው የገዛው መሬቱን ብቻ ሳይሆን በዘወርዋራ ራሱንም ነው። ዕዳው ደግሞ የመንደሩ ነው፤ ጎረቤትህ ካልከፈለ አንተ ትከፍላለህ፣ መንደሩ ካልፈቀደልህም ወጥተህ ሌላ ቦታ አትሠራም። ውዝፉ እየተከመረ ሄዶ በ1905 አብዮት ፈነዳ፤ የዚያኑ ዓመት ዛሩ ክፍያው ከ1907 ጀምሮ እንዲቀር አዘዘ። ሁለቱም አገሮች ጋ መንግሥት አበዳሪ ነበር፣ ዘመኑም ረጅም ነበር። ልዩነቱ ያ አንድ ቁጥር ነው፦ አዲሱ ክፍያ ከአሮጌው ሸክም ያንሳል ወይስ አያንስም?

አየርላንድንም ገነት አላደርጋትም። ብድሩ የደረሰው ውል ላለው ጭሰኛ ነው። በቀን ሥራ የሚተዳደረው፣ ቁራሽ መሬት እንኳ ያልያዘው ሰው የሚገዛው ነገር አልነበረውም። ቆየት ብሎ በሌላ ሕግ ጎጆና እስከ አንድ ኤከር የምትሆን ጓሮ በኪራይ እንዲያገኝ ተደረገ። ሴቶች ልጆችና መሬት የማይወርሱ ወንድሞች አሁንም መርከብ ተሳፈሩ።

ዴቪትስ? ይገርማችኋል፤ ያ አንድ እጅ ያለው የንቅናቄው አባት ይህን ሁሉ አልወደደውም። ለባለርስት ካሳና ጉርሻ መክፈል አናደደው። እሱ የፈለገው መሬት የሕዝብና የመንግሥት እንዲሆን ነበር፤ ገበሬውን ወደ ትናንሽ ባለርስትነት መለወጥ አይደለም። የራሱ ሰዎች ግን አልሰሙትም። ውል ለመፈረም ተሰልፈው ነበር። በ1906 ሞተ።

የዕዳው ጉዳይ በ1903 አላበቃም። አየርላንድ በ1922 ራሷን ስታስተዳድር ገበሬው የሚከፍለው ገንዘብ አሁንም ወደ ለንደን ይሄድ ነበር፣ በዓመት ሦስት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ። ብዙ ሰው «ቀድሞም የተነጠቅነውን መሬት ነው መልሰን የምንገዛው» ይል ነበር። በ1932 ሥልጣን የያዘው ዴ ቫሌራ «አልከፍልም» አለ። እንግሊዝም በአየርላንድ ከብት ላይ 20 በመቶ ቀረጥ ጣለች። የከብት ዋጋ ወደቀ፤ መንግሥት ለጥጃ ቆዳ እየከፈለ ጥጆች ታረዱ። ዴ ቫሌራ የገበሬውን ክፍያ በግማሽ ቀነሰለት፣ ግማሹን ግን ለደብሊን እንዲከፍል አደረገ። የንግድ ጦርነቱ ያበቃው በ1938 ነው፤ አየርላንድ 10 ሚሊዮን ፓውንድ በአንዴ ከፍላ ሒሳቡ ተዘጋ። ገበሬዎቹ ግን ለራሳቸው መንግሥት መክፈላቸውን ቀጠሉ። ይህን ሁሉ ያስተዳድር የነበረው የመሬት ኮሚሽን የፈረሰው በ1999 ነው!

እኛ ጋ ይህ ሒሳብ ተሰልቶ አያውቅም። ተማሪዎቹ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲሰለፉ ጥያቄው ለማን እንጂ በስንት አልነበረም። የንጉሡ መንግሥት የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር አቋቁሞ፣ ጭሰኛውን ከመባረር በመጠኑ የሚጠብቅ ረቂቅ ሕግ አዘጋጅቶ ነበር። ፓርላማው ውስጥ የተቀመጡት ባለርስቶቹ ራሳቸው ነበሩና ረቂቁ እዚያው ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን በሙሉ የሕዝብ አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለመሬቱ ካሳ እንዳይከፈል፣ እንዳይሸጥ፣ እንዳይያዝ። ዴቪት ቢኖር ያጨበጭብ ነበር። ጭሰኛው በአንድ ቀን ያለ ምንም ዕዳ መሬት አገኘ፤ የአየርላንዱ 68 ዓመት ተኩል የከፈለበትን ማለት ነው። የወላጆቼ ትውልድ ያንን ቀን ሲያወራ አሁንም ድምፁ ይለወጣል፣ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ያ አዋጅ የሚሠራው ያን ቀን እርሻ ላይ ለተገኘው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ለተወለደው፣ ከተማ አድጎ ወደ ገጠር ልግባ ለሚለው፣ ከአረብ አገር ተመልሳ ላም ላርባ ለምትለው በር የለውም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። በቅርብ ዓመታት ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር የሚፈቅዱ ሕጎች ወጥተዋል። ያም መሬት ላለው ነው።

ሽያጭ ቢፈቀድ ገበሬው በአንድ ክፉ ዓመት ሸጦ ይበተናል የሚለው ስጋት ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለጓደኛዬ «በስጦታ» የሰጠው ገበሬ ራሱ ብሩን ምን እንዳደረገው ስጠይቅ ለልጁ ባጃጅ ገዝቶበታል። ባጃጁ አሁን ቆሟል። የተከለከለው ሽያጭ እኮ አልቀረም፤ የቀረው ዋጋውን የሚያይ፣ ዓመቱን የሚያረዝም፣ ለሻጩም ለገዢውም ዋስ የሚሆን አበዳሪ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ለጓደኛዬ ደውዬ የአየርላንዱን ታሪክ ነገርኩት። 68 ዓመት ተኩል ስለው «እብድ ናቸው እንዴ!» ብሎ ሳቀ። ትንሽ ዝም አለና ጠየቀኝ።

«ወለዱ ስንት ነበር ያልከኝ?»

«ሁለት ከሰባ አምስት።»

«እና ወረቀቱ ላይ ግዢ ተብሎ ነው የሚጻፈው?»

«አዎ።»

እቁቡን ለመጨረስ ገና 14 ወር ይቀረዋል።