ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ፦ ከጄኔቫ እስከ ዙሪክ

ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ሕፃን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የያዘውን ማንኪያ መሬት ይጥላል፤ ሲያነሡለት መልሶ ይጥላል። እናት «አበዛኸውሳ!» ትላለች። ይህ ጥፋት የመሰለ ነገር በእርግጥ ምርምር መሆኑን ለዓለም ካስረዱት ሊቃውንት ዋነኛው የኖሩትና የሠሩት ብዙዎቻችን በምንኖርባት በጄኔቫ ነው። ያ ሐሳብ ከጊዜ በኋላ በዙሪክ ቤተ ሙከራዎች የብረት አካል ማግኘቱን ግን ሁላችንም ሰምተን ላይሆን ይችላል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ታሪክ ነው።

ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1896 በኔሻቴል ተወለዱ። በወጣትነታቸው ያጠኑት ስለ ቀንድ አውጣና ስለ መሰሎቿ ነበር። በ1921 ወደ ጄኔቫ መጥተው፣ ኤዱዋር ክላፓሬድ በ1912 ባቋቋሙት የዣን ዣክ ሩሶ ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመሩ። በ1925 የበኩር ልጃቸው ዣክሊን ስትወለድ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው የምታደርገውን ሁሉ በማስታወሻ ይጽፉ ጀመር፤ ተከትለው የተወለዱትን ሉሲየንንና ሎራንንም እንዲሁ ተከታተሉ። በሕፃን ፊት አንድን አሻንጉሊት በጨርቅ ይሸፍናሉ። ትንሹ ሕፃን ጨርቁን ገልጦ አይፈልግም፤ ያልታየው ነገር ለእርሱ የሌለ ያህል ነው። ወራት ካለፉ በኋላ ግን እጁን ሰዶ ይገልጠዋል። ፒያዤ በ1936 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስረዱት ነገር ሲጠቃለል ይህ ነው፤ የልጅ አእምሮ እንደ እንስራ ከውጭ የሚሞላ ሳይሆን ልጁ ራሱ እየነካ፣ እየጎተተ፣ እየጣለና እያነሣ የሚገነባው ነው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሕፃናት ፒያዤ ከገመቱት ዕድሜ ቀድመው ብዙ እንደሚያውቁ ቢያሳዩም፣ ይህ መሠረታዊ ሐሳብ ዛሬም ይሠራበታል።

ለመሆኑ ይህ ከማሽን ጋር ምን አገናኘው? እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግ በ1950 ባወጡት ጽሑፍ፣ የአዋቂን አእምሮ የሚመስል ማሽን ከመሥራት ይልቅ ለምን የሕፃንን የሚመስል ሠርተን አናስተምረውም ሲሉ ጠይቀው ነበር። ከ1958 እስከ 1963 በጄኔቫ ከፒያዤ ጋር የሠሩት የደቡብ አፍሪካው ተወላጅ ሲሞር ፓፐርትም ወደ አሜሪካ ተሻግረው ልጆች ራሳቸው የሚያዝዙትን «ኤሊ» የተባለ ሮቦት ለትምህርት አዋሉ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ መሐንዲሶች ለብዙ ዘመን የተከተሉት ማሽኑን በሕግና በቀመር የመሙላትን መንገድ ነው። የዚህ መንገድ ትልቁ ድል በ1997 ታየ፤ ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን የነበረውን ጋሪ ካስፓሮቭን አሸነፈ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጠጠሮቹን ከሰሌዳው ላይ እያነሣ የሚያስቀምጥለት ሰው ነበር። ያ ሁሉ ዕውቀት እጅ አልነበረውም።

ጥያቄው በዙሪክ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ፕሮፌሰር ሮልፍ ፋይፈር በ1987 በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሠራሽ አእምሮ ቤተ ሙከራ አቋቁመው፣ ያለ አካል የሚገኝ ዕውቀት የለም የሚለውን አሳብ በሮቦቶች ይፈትኑ ጀመር። ለምሳሌ የጣት ጫፍ ለስላሳ በመሆኑ ብቻ ብርጭቆን መያዝ ይቀላል፤ ሁሉን ነገር አእምሮ ማስላት አያስፈልገውም። ፋይፈር ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 ባሳተሙት ሰፊ ጽሑፍ፣ እንደ ልጅ ደረጃ በደረጃ እያደጉ የሚማሩ ሮቦቶችን የሚመለከተውን አዲስ የጥናት መስክ ቃኙ። በጣሊያን አገር ደግሞ ቁመቱ 104 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ የሚያህል፣ አይከብ የተባለ ሮቦት ለዚሁ ጥናት ተሠራ።

በ2022 የዙሪክ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ያስታወቁት ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። አኒማል የተባለው ባለ አራት እግር ሮቦት በኮምፒውተር በተሠራ ምናባዊ ዓለም ውስጥ እየሞከረና እየተሳሳተ መሄድን ከተማረ በኋላ፣ ከዙሪክ ብዙም የማይርቀውን የኤትዘል ተራራ የእግር መንገድ 120 ሜትር ከፍታ በ31 ደቂቃ ወጣው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶቻችን ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

ሆኖም ያ ሮቦት የተማረው መሄድን ነው። እናንተ ቤት ያለው የሁለት ዓመት ልጅ መሄድን፣ መብላትን፣ ማኩረፍን፣ በቤት አማርኛን፣ በውጭ ፈረንሳይኛን ወይም ጀርመንኛን ባንድ ጊዜ ይማራል። ይህን የሚያክል ማሽን እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ይህ ታሪክ የሊቃውንት ብቻ አይደለም። ልጆቻችን ቋንቋችንን እንዳይረሱ ስንሰጋ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ፊደል ገበታ መግዛትና ቪዲዮ ከፍቶ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱም አይጠሉም። ግን መሐንዲሶቹ በብዙ ድካም የደረሱበት ነገር፣ ዕውቀት በእጅና በእግር በኩል እንደሚገባ ነው። «ቁሌቱን አማስል»፣ «ሲኒውን አቀብይኝ»፣ «ረከቦቱን ቀስ አድርገሽ አንሺው» የተባለ ልጅ ቃሉን ከነሽታው፣ ከነሙቀቱ፣ ከነክብደቱ ይይዘዋል። ሲኒ ቢሰበርም ግድ የለም፤ ሲኒ ይገዛል። ልጆቻችሁን ወደ ማድ ቤት አስገቧቸው።