ባቲ ቅኝት ብቻ አይደለም

አራቱን ቅኝቶች ሁሉም ያውቃል፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ባቲ ዛሬ የምትገኘው መቀመጫው ከሚሴ በሆነው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። የሰኞ ገበያዋ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን ያገናኛል።

ቅኝቶቹ ግን ሩቅ ተጉዘዋል። በጥር 1996 ዓ.ም. የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ ከሙላቱ አስታጥቄና ከጌታቸው መኩሪያ ጋር አዲስ አበባ መድረክ ላይ ተጫወተ፤ ቅጂውም የኢትዮፒክስ 20ኛ አልበም ሆነ። የመድረክ ቅጂ ከዜማው ጋር ጭብጨባውንም ይይዛል፤ ሙዚቃው በማን ፊት እንደተሰማ ይመሰክራል።

በ2014 ዓ.ም. ከሚሴና ባቲ አገር ጆሮ የደረሱት በጦርነት ዜና ነበር። ስሟን ለቅኝት የሰጠች ከተማ ግን ከዚያ በላይ ታሪክ አላት። በራሷ አደባባይ፣ በራሷ ሕዝብ እልልታ መካከል፣ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚቀረጽ አልበም ይገባታል።