የኤት ቲህ ምድር ከአፍሪቃ ነው ወይስ ከእስያ?

በሲና ባሕረ ገብ ምድር መካከል ኤት ቲህ የሚባል፥ የኖራ ድንጋይ የበዛበት በረሃማ ከፍተኛ ሜዳ አለ። ስሙ በዐረብኛ መንከራተት ማለት ሲሆን፥ እስራኤላውያን በምድረ በዳ የተንከራተቱበትን ዘመን ያስታውሳል ይባላል። ይህ ምድር ከአፍሪቃ ይቈጠራልን ወይስ ከእስያ?

የጂኦግራፊ ሊቃውንት ሁለቱን ክፍላተ ዓለም በሱዌዝ ባሕረ ሰላጤና በሱዌዝ ቦይ ስለሚለዩ ለእስያ ይሰጡታል። ይሁን እንጂ ቦዩ በ1869 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የተከፈተ የሰው እጅ ሥራ ነው፤ የአገሩንም ባለቤት አያስታውቅም።

ባለቤቱን የለየው ሌላ መሥመር ነው። በ1906 ዓ.ም. የቱርክ ወታደሮች ታባን ቢይዙ፥ ያን ጊዜ ግብጽን ይዛ የነበረችው እንግሊዝ በጦር መርከቦቿ አስፈራርታ አስለቀቀቻቸው። ኦክቶበር 1 ቀን የቱርክና የግብጽ መልእክተኞች ከራፋህ እስከ አቃባ ባሕረ ሰላጤ የሚደርስ ወሰን ተፈራረሙ፤ ኤት ቲህም በግብጽ በኩል ቀረ።

ይህም ውል ተረስቶ አልቀረም። እስራኤል በ1967 ዓ.ም. የያዘችውን ሲና በ1982 ዓ.ም. ከታባ በቀር መለሰች። በ1988 ዓ.ም. የግልግል ዳኞች ታባን ለግብጽ የፈረዱት የድንበሩ ምልክቶች የቆሙበትን ስፍራ መርምረው ነው።

እንግዲህ ኤት ቲህ በምድሩ የእስያ፥ በመንግሥቱ የግብጽ ነው እንላለን። «የማን ነው?» ብለን ካርታ ከመዘርጋታችን በፊት ስለ ምድሩ ወይስ ስለ ገዥው እንደምንጠይቅ እንለይ። ሁለቱን ያምታታ ሰው የክፍለ ዓለምን ስም የርስት ማስረጃ ያደርገዋልና።