ከሕገ መንግሥቱ እስከ ቀበሌው ማኅተም፦ የባለሥልጣናት ሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ሕጎች ለገጠሩ ነዋሪ

ሙስና ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ትልልቅ የግንባታ ጨረታዎችና ወደ ከፍተኛ ሹማምንት ይሄዳል። ለአርሶ አደሩ ግን መንግሥት ማለት በአብዛኛው የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የመሬት አስተዳደር ባለሙያውና የግብርና ሠራተኛው ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በማን ስም እንደሚጻፍ፣ ማዳበሪያው መቼ እንደሚደርሰው፣ መሬቱ ለልማት ሲወሰድ ካሳው እንዴት እንደሚሰላ የሚወሰነው ወይም የሚጀመረው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ ለዓመቱ ምርት አይጠቅምም፤ በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ማሳም ለልጅ አይወረስም። በዚህ ደረጃ የሚፈጸም በደል በገንዘብ ሲቆጠር ትንሽ ቢመስልም የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ያናጋል።

ይህ ጽሑፍ የመንግሥት ኃላፊዎችና ሠራተኞች የሚመሩባቸውን ዋና ዋና ሕጎች፣ የሚከለክሏቸውን ድርጊቶችና የአቤቱታ መንገዶችን በአጭሩ ያቀርባል።

የሕጎቹ መሠረት

የሁሉም መነሻ በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት፣ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝብም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል።

የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ተቋቋመ። በኋላም በአዋጅ ቁጥር 433/1997 እንደገና ተደራጀ። ኮሚሽኑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሙስና ወንጀልን የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣን ነበረው። በ2008 ዓ.ም በተደረገው የሕግ ለውጥ ክሱ ለዐቃቤ ሕግ፣ ምርመራው ለፖሊስ ተላልፏል። ዛሬ የኮሚሽኑ ዋና ሥራ የሥነ ምግባር ትምህርት መስጠት፣ ሙስናን አስቀድሞ መከላከልና የሀብት ምዝገባን ማካሄድ ነው። ክልሎችም የየራሳቸው የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ተቋማት አሏቸው።

ወንጀሎቹን በዝርዝር የያዘው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ነው። አዋጁ «የመንግሥት ሠራተኛ» የሚለውን ቃል በሰፊው ይተረጉመዋል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፣ ተሹሞ፣ ተመድቦ ወይም በሕዝብ ተመርጦ፣ በቋሚነትም ሆነ በጊዜያዊነት የሚሠራውን ሁሉ ያካትታል። በዚህም መሠረት ሚኒስትሩም የቀበሌው ሥራ አስኪያጅም በአንድ ሕግ ሥር ናቸው።

አሥራ ሁለቱ መርሆዎች

በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የሚታዩት የመንግሥት አገልግሎት የሥነ ምግባር መርሆዎች 12 ናቸው፦ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ሐቀኝነት፣ ተጠያቂነት፣ የሕዝብን ጥቅም ማስቀደም፣ በሕጋዊ ሥልጣን መገልገል፣ አለማዳላት፣ ሕግን ማክበር፣ ለተገልጋዩ ምላሽ መስጠትና አርአያ መሆን።

ከእነዚህ ውስጥ በገጠር ቀበሌ ብዙ ጊዜ የሚፈተነው አለማዳላት ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሰው ሁሉ በሥጋ፣ በጋብቻ ወይም በክርስትና ልጅነት ይዛመዳል። የመሬት ኮሚቴ አባል የሆነ ሰው ወንድሙ ወይም አማቹ ተከራካሪ የሆነበት የድንበር ጉዳይ ሲቀርብ ከውሳኔው መነሳት ይገባዋል። ሕጉ ዝምድናን አይከለክልም፤ የሚከለክለው ዝምድና በውሳኔ ላይ እንዲያዝ ማድረግን ነው። ይህ በሕግ ቋንቋ «የጥቅም ግጭት» ይባላል።

ሙስና የሚባሉ ድርጊቶች

ብዙ ሰው ሙስናን ከጉቦ ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ሕጉ ግን ከዚያ ይሰፋል፤ ተገልጋዩ ሊያውቃቸው ከሚገቡት መካከል የሚከተሉት ይገኙበታል።

በሥልጣን አላግባብ መገልገል፦ የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ወይም ለማስገኘት፣ ወይም ሌላውን ለመጉዳት ሥልጣንን ከተሰጠበት ዓላማ ውጭ መጠቀም ነው። የወል ግጦሽ መሬትን ለወዳጅ ከፋፍሎ መስጠት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

ጉቦ መቀበል፦ ሕገ ወጥ ነገር ለመሥራት ገንዘብ መቀበል ብቻ አይደለም። ሠራተኛው ሊሠራው የሚገባውን ሥራ በትክክል ሠርቶም ቢሆን ለዚያ የማይገባ ጥቅም ከጠየቀ ወይም ከተቀበለ ወንጀል ነው። «የሚገባህን ነው የሰጠሁህ፤ ለድካሜ ነው» የሚለው ምክንያት በሕግ ፊት አያዋጣም።

ጉዳይን ያለ አግባብ ማጓተት፦ «ዛሬ ሂድ፣ ነገ ና» እያሉ ባለጉዳይን ያለ በቂ ምክንያት ማመላለስ እንደ ቀላል የአሠራር ጉድለት ይታያል። በሙስና ወንጀልነት ሊያስጠይቅ እንደሚችል የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ለዚህም ነው በየመሥሪያ ቤቱ የሚለጠፈው የዜጎች ቻርተር አገልግሎቱ የሚወስደውን ጊዜና የሚጠየቀውን ማስረጃ የሚዘረዝረው።

በአደራ የተያዘን ንብረት ለራስ ማዋል፦ ለተቸገሩ የመጣ የእርዳታ እህል ወይም ለመንገድ ሥራ ከነዋሪው የተዋጣ ገንዘብ ለግል ጥቅም ሲውል በዚህ ሥር ይወድቃል።

ምንጩ ያልታወቀ ንብረት መያዝ፦ ኑሮውና ንብረቱ ከሕጋዊ ገቢው ጋር የማይመጣጠን የመንግሥት ሠራተኛ ከየት እንዳገኘው ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ካላስረዳ ይጠየቅበታል።

እጅ መንሻ፣ ምስጋናና ጉቦ

በባህላችን ባዶ እጅ ወደ ትልቅ ሰው ቤት መሄድ ነውር ነበር። ባላገሩ በደጅ ጥናት ዘመን ለሹም ማር፣ ቅቤ ወይም ሙክት ይዞ መቅረቡ እንደ አክብሮት ይቆጠር ነበር፤ ስሙም «እጅ መንሻ» ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል የመጣውም ሹመት መተዳደሪያ ከነበረበት ከዚያ ሥርዓት ነው። የዛሬው ሠራተኛ ግን ደመወዙ ከግብር የሚከፈለው ነው፤ ግብሩን ከሚከፍሉት አንዱ ደግሞ ራሱ ባለጉዳዩ አርሶ አደር ነው። ስለዚህ ሹሙ ከጉዳዩ ጋር በተያያዘ የተቀበለው ዶሮም ሆነ ጤፍ፣ በምስጋና ስም ቢቀርብም በሕግ ዓይን ከገንዘብ የተለየ አይደለም። ጎረቤት ለጎረቤት በዓመት በዓል የሚሰጠው ነገር ሌላ ነው፤ መለያው ስጦታው ከሥልጣኑ ጋር መያያዙ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራትስ?

ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለአርሶ አደሩ የሚደርሱት በአብዛኛው በዩኒየኖችና በመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ነው። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥና የመጋዘን ኃላፊ የመንግሥት ቅጥረኞች ባለመሆናቸው የሙስና ሕግ የማይመለከታቸው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አዋጅ ቁጥር 881/2007 ግን «ሕዝባዊ ድርጅት» በሚል ትርጓሜ ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብና ንብረት የሚያስተዳድሩ አካላትን ጨምሯል። ከዚህ ውጭ ካደረጋቸው መካከል የሃይማኖት ተቋማት፣ የፖለቲካ ድርጅቶች፣ እንዲሁም እድርና መሰል ባህላዊ ማኅበራት ይገኛሉ። የአባላትን ኮታ ወደ ነጋዴ መጋዘን ያዞረ የማኅበር ኃላፊ እንግዲህ ከሕጉ አያመልጥም።

ሀብት ማስመዝገብ

የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና በሕጉ የተለዩ የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸውን፣ የትዳር ጓደኛቸውንና በሥራቸው የሚተዳደሩ ልጆቻቸውን ሀብትና የገቢ ምንጭ እንዲያስመዘግቡ ያዛል። ምዝገባው በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ሀብት ሲባል ቤትና ተሽከርካሪ ብቻ አይደለም፤ የመሬት ይዞታና ዕዳም ይገባበታል። የምዝገባው ጥቅም በኋላ ለማነጻጸር ነው፤ ወደ ሥልጣን ሲገባ የነበረው ካልታወቀ ሲወጣ የጨመረው አይታወቅም።

የሰጠ ሰው ምን ይሁን?

አርሶ አደሩን ዝም የሚያሰኘው ትልቁ ፍርሃት ይህ ነው። ጉቦ መስጠትም ማቀበልም ወንጀል በመሆኑ፣ ተገዶ የከፈለ ሰው «ብናገር እኔም እታሰራለሁ» ብሎ ይተወዋል። ይህን የሚያቃልል ድንጋጌ በአዋጅ ቁጥር 434/1997 አለ። በሙስና ድርጊት የተካፈለ ሰው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ አስቀድሞ ስለ ድርጊቱና ስለ ዋና ተሳታፊዎቹ ጠቃሚ መረጃ ከሰጠ ከክስ ነጻ ሊደረግ ይችላል። ውሳኔው በራሱ የሚመጣ ሳይሆን በሥልጣኑ አካል የሚሰጥ ነው፤ ስለዚህ ከመናገር በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር ይጠቅማል።

የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም ማንነትን ከመደበቅ ጀምሮ ልዩ ልዩ ጥበቃዎችን ይሰጣል። ሆኖም የሚመለከተው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ሊያስቀጡ የሚችሉ ከባድ ወንጀሎችን ነው፤ ሁሉንም የቀበሌ አቤቱታ አይሸፍንም። የወንጀል ሕጉ በበኩሉ ጠቋሚን የሚበቀልን ሰው ይቀጣል። ሐሰት መሆኑን እያወቀ ሰውን የሚወነጅልም እንዲሁ ይቀጣል።

አቤቱታ ወዴት?

አቤቱታ ከመቅረቡ በፊት የተፈጸመውን ነገር ከነቀኑና ከነቦታው መጻፍ፣ ያዩትን ሰዎች ስም መያዝ፣ ደረሰኝና የተሰጠ ደብዳቤ ካለ ቅጂውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ላልተሰጠ አገልግሎት መፈረም ወይም የጣት አሻራ ማሳረፍ አይገባም፤ ለተከፈለ ገንዘብ ሁሉ ሕጋዊ ደረሰኝ መጠየቅ መብት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመረጠው በር እንደ ጉዳዩ ይለያያል። የሥነ ምግባር ግድፈት ከሆነ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል፣ ቀጥሎም የክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ተቋም አለ። ወንጀል የሆነ እንደሆነ ጥቆማው ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ይቀርባል። የአስተዳደር በደል ሲሆን የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ ይመረምራል። የማኅበር ጉዳይ ከሆነ የጠቅላላ ጉባኤ አባላት ሒሳብ እንዲመረመር የመጠየቅ መብት አላቸው።

አንድ ሰው ብቻውን ሲጮኽ በግል ጥላቻ ይታማል። በደሉ የደረሰባቸው አርሶ አደሮች ተሰባስበው በአንድ ማመልከቻ ሲፈርሙ ግን ጉዳዩ የጎረቤት ጠብ ከመባል ይድናል። ማመልከቻው በመዝገብ ቤት በቁጥርና በቀን እንዲገባ ማድረግ፣ ቁጥሩንም ጽፎ መያዝ የመጨረሻው ጥንቃቄ ነው፤ ቁጥር ያለው ወረቀት «አልደረሰኝም» ለማለት አይመችምና።