የጥንት ቡጊ-ዉጊ የፒያኖ ሸክላዎችና ኖታዎች

ቡጊ-ዉጊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የተፈጠረ፣ በብሉዝ ላይ የተመሠረተ የፒያኖ አጨዋወት ስልት ነው። ግራ እጅ አንድን አጭር የባስ ዜማ ሳያቋርጥ እየደጋገመ ሲጫወት፣ ቀኝ እጅ በላዩ ላይ እንደ ልቡ ይፈጥራል። አብዛኞቹ ዜማዎች ባለ 12 ባር የብሉዝ ቅርጽ አላቸው፤ በእያንዳንዱ ባር ውስጥም ግራ እጅ ስምንት ጊዜ ይመታል። ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው ከ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ የተቀዱትን ሸክላዎችና የታተሙትን ኖታዎች፣ እንዲሁም ዛሬ እንዴት ተፈልገው እንደሚገኙና እንደሚለዩ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከኖታ በፊት የነበረ ሙዚቃ

የስልቱ ቀደምት ተጫዋቾች የሥራ ቦታቸው በምሥራቅ ቴክሳስና በሉዊዚያና የእንጨት መቁረጫ ካምፖች፣ በባቡር ሐዲድ ዳር ያሉ መጠጥ ቤቶችና በትልልቅ ከተሞች የሚደረጉ የቤት ኪራይ ማሟያ ድግሶች ነበሩ። አብዛኞቹ ኖታ አያነቡም ነበር፤ አንዱ ከሌላው እጅ እያየና በጆሮው እየያዘ ይማር ነበር። ስለዚህ ስለዚህ ሙዚቃ የሚያጠና ሰው ዋናው ማስረጃ ሸክላው መሆኑን ከመጀመሪያው ሊያውቅ ይገባል። እንደ ክላሲካል ሙዚቃ ደራሲው በእጁ የጻፈው ኖታ ኖሮ ሸክላው የዚያ አንድ አቀራረብ አይደለም፤ እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ይሁንና ከሸክላዎቹ የቀደሙ ጥቂት የታተሙ ወረቀቶች አሉ። ዓይነ ስውሩ ፒያኒስት ጆን ዊሊያም ቡን በ1909 ባሳተመው ሁለተኛው የራግታይም ቅንብር ውስጥ የቡጊ-ዉጊ ዓይነት ተራማጅ ባስ ይገኛል። የቴክሳሱ ጆርጅ ቶማስ በ1916 «ኒው ኦርሊንስ ሆፕ ስኮፕ ብሉዝ» የተባለውን አሳተመ። ከታናሽ ወንድሙ ከሄርሳል ጋር ያዘጋጀው፣ ስለ ባቡር ጉዞ የሚናገረው «ዘ ፋይቭስ» ደግሞ በ1922 ታትሞ የቺካጎ ፒያኒስቶች ሁሉ ሊጫወቱት የሚገባ መፈተኛ ሆነ። ሄርሳል ገና በወጣትነቱ በ1926 ስለሞተ፣ በ1925 ለኦኬ ኩባንያ የቀዳው «ሱትኬስ ብሉዝ» እጅግ ጥቂት ከሆኑት ቅሪቶቹ አንዱ ነው።

ሙሉ በሙሉ በቡጊ-ዉጊ ባስ ከተጫወቱ የፒያኖ ሶሎ ሸክላዎች መካከል ቀዳሚ ሆኖ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጂሚ ብላይዝ በ1924 ለፓራማውንት ኩባንያ የቀዳው «ቺካጎ ስቶምፕ» ነው። ብላይዝ ከሸክላ በተጨማሪ በርካታ የፒያኖ ጥቅሎችንም ሠርቷል። ጥቅል የሚባለው ቀዳዳ የተበሳበት ረጅም ወረቀት ሲሆን፣ በልዩ ፒያኖ ላይ ሲገጠም ፒያኖው በራሱ ይጫወታል። ስልቱን ሲፈልጉ ጥቅሎችን የሚዘነጉ ብዙዎች ናቸው። ሆኖም በጥቅል ላይ የሚሰማው ፍጥነትና የምት ጥንካሬ ሁልጊዜ የተጫዋቹ ስላልሆነ፣ ከሸክላ እኩል ሊታመን አይችልም።

ስልቱን በስሙ ያስተዋወቀው ግን ክላረንስ «ፓይንቶፕ» ስሚዝ ነው። በታኅሣሥ 29 ቀን 1928 በቺካጎ ለቮካሊየን ኩባንያ «ፓይን ቶፕስ ቡጊ ዉጊ»ን ቀዳ። በሸክላው ላይ ፒያኖውን እየተጫወተ ለጨዋታው ተሳታፊዎች እንዴት እንደሚደንሱ በንግግር ያዝዛል። ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በመጋቢት 15 ቀን 1929፣ በቺካጎ አንድ የጭፈራ አዳራሽ ውስጥ በጥይት ተመትቶ በ24 ዓመቱ ሞተ። ከዚያ በኋላ በስሙ የወጡት ኖታዎች ሁሉ እርሱ ያላያቸው፣ ሌሎች ከሸክላው በጆሯቸው ሰምተው የገለበጧቸው ናቸው።

የአንድ ሸክላ ፍለጋ

የሸክላ ፍለጋን ፋይዳ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የሚድ ላክስ ሉዊስ ታሪክ ነው። ሉዊስ በታኅሣሥ 1927 ለፓራማውንት «ሆንኪ ቶንክ ትሬን ብሉዝ»ን ቀዳ። ኩባንያው ከአንድ ዓመት በላይ አቆይቶ በቁጥር 12896 አወጣው፤ ሳይሸጥም ቀረ። ሉዊስ ወደ ዕለት ሥራው ተመለሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የተጫረ ቅጂ በኒው ዮርኩ የሙዚቃ ሐያሲና አዘጋጅ በጆን ሃመንድ እጅ ገባ። ሃመንድ በሸክላው ላይ ከተጻፈው ስም በቀር ስለ ሰውየው የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ ዓመታት ፈጀበት። በ1935 ቺካጎ ውስጥ ፒያኒስቱን አልበርት አሞንስን ሲጠይቅ፣ ሉዊስ መኪና በማጠብ ሥራ ላይ መሆኑን ሰማ። አሞንስ፣ ሉዊስና ሟቹ ስሚዝ ቀድሞ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ኖረው ስለነበር ለአሞንስ ጥያቄው ቀላል ነበር።

በዚያው ዓመት ሉዊስ ዜማውን እንደገና ቀዳው፤ ሸክላው በእንግሊዝ በፓርሎፎን ስም ወጣ። በ1937 ለቪክተር፣ በ1940 ደግሞ ለብሉ ኖት ደግሞ ቀድቶታል። ለዛሬው ፈላጊ ይህ ዋና ወጥመድ ነው። «ሆንኪ ቶንክ ትሬን ብሉዝ» የሚል ርዕስ ያለው ነገር ሲገኝ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ካልተለየ ምንም አልተገኘም ማለት ይቻላል፤ የ1927ቱና የ1940ው በፍጥነትም በአወራረድም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸውና።

ሃመንድ በታኅሣሥ 23 ቀን 1938 በኒው ዮርክ ካርኔጊ ሆል ባዘጋጀው «ከመንፈሳዊ መዝሙር እስከ ስዊንግ» የተባለ ኮንሰርት ሉዊስን፣ አሞንስንና የካንሳስ ሲቲውን ፒት ጆንሰንን አቀረበ። በማግሥቱ አለን ሎማክስ ሦስቱንም ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ቀረጻቸው። በኮንሰርቱ የተማረከው ጀርመናዊ ስደተኛ አልፍሬድ ላየን በጥር 6 ቀን 1939 አሞንስንና ሉዊስን ወደ ስቱዲዮ አስገባ፤ ብሉ ኖት የተባለው ታዋቂ የጃዝ ሸክላ ኩባንያ የተጀመረው በዚህ ቀን ነው። ላየን ከተለመደው ባለ 10 ኢንች ሸክላ ይልቅ ባለ 12 ኢንቹን ስለመረጠ፣ ፒያኒስቶቹ ከሦስት ደቂቃ ገደብ ወጥተው ከአራት ደቂቃ በላይ ለመጫወት ቻሉ።

በቁጥር መፈለግ

የቀድሞ ሸክላ በርዕስ ሳይሆን በቁጥር ይፈለጋል። በሸክላው መካከል በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የሚታየው የሽያጭ ካታሎግ ቁጥር ነው። ኩባንያዎቹ ለጥቁር ገዢዎች የታሰቡትን ሸክላዎች በተለየ ተከታታይ ቁጥር ያወጡ ስለነበር፣ የፓራማውንት 12000ዎቹ፣ የኦኬ 8000ዎቹ፣ የኮሎምቢያ 14000ዎቹና የቮካሊየን 1000ዎቹ ለቡጊ-ዉጊ ፈላጊ ዋነኞቹ ናቸው።

ሁለተኛው ቁጥር በወረቀቱ ጠርዝና በመጨረሻው የድምፅ መስመር መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ይህ የማትሪክስ ቁጥር ይባላል፤ የሚያመለክተው ቀረጻውን ራሱን ነው። ከጎኑ ያለ ተጨማሪ ፊደል ወይም አኃዝ ብዙውን ጊዜ ስንተኛው ሙከራ እንደሆነ ይነግራል። አንድ ቀረጻ በሌላ ኩባንያ ስም፣ በሌላ ካታሎግ ቁጥር፣ አንዳንዴም በሐሰተኛ የአርቲስት ስም ሊወጣ ይችላል፤ የማትሪክስ ቁጥሩ ግን ያጋልጠዋል። ለምሳሌ በ1923 «ዘ ሮክስ» የተባለውን ቀዳ የሚባለው ክሌይ ከስተር በእውነቱ ጆርጅ ቶማስ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

ቁጥሮቹን ለማመሳከር መሠረታዊው መጽሐፍ በዲክሰን፣ በጎድሪችና በራይ የተዘጋጀውና እስከ 1943 ያሉትን የብሉዝና የጎስፕል ቀረጻዎች የሚዘረዝረው ዲስኮግራፊ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራ የሚገኘው የአሜሪካ ታሪካዊ ቅጂዎች ዲስኮግራፊ ደግሞ በኮምፒዩተር በነጻ ይታያል፤ በኩባንያ፣ በቁጥርና በስም መፈለግ ይቻላል።

ሸክላዎቹ ለምን ጠፉ

የዚያ ዘመን ሸክላ የሚሠራው ላክ ከተባለ ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት ነው። አማርኛው «ሸክላ» የሚለው ስም ለእነዚህ በእጅጉ ይስማማል፤ ከእጅ ቢያመልጡ እንደ ገንቦ ይሰባበራሉ። የፓራማውንት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር። ኩባንያው በዊስኮንሲን የሚገኝ የወንበር ፋብሪካ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ሸክላዎቹን በርካሽ ቅይጥ ያትም ስለነበር አዲሱ እንኳ ይንሻሸሽ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኢኮኖሚ ድቀት ሲዘጋ፣ ዋና ዋናዎቹ የብረት ቅርጾች አብዛኞቹ በቁርጥራጭ ብረትነት ተሸጡ። ዛሬ በሲዲም ሆነ በኢንተርኔት የሚሰማው የ1927ቱ የሉዊስ ቀረጻ ከተረፉ ያረጁ ሸክላዎች የተወሰደ እንጂ ከዋናው ቅርጽ የተቀዳ አይደለም። ከጀርባ የሚሰማው ጩኸት የቀረጻው ጉድለት ሳይሆን የቅጂው እርጅና ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የራሱን ድርሻ አነሣ። ከእስያ ይመጣ የነበረው የላክ ሙጫ እጥረት ስለገጠመ፣ ከ1942 ጀምሮ አሜሪካውያን አሮጌ ሸክላቸውን እየሰበሰቡ ለመፈጨት ሰጡ። ከተፈጩት መካከል ምን ያህሉ የ1920ዎቹ የፒያኖ ብሉዝ እንደነበሩ የመዘገበ የለም።

ኖታው ምን ይነግራል፣ ምን ይደብቃል

ቶሚ ዶርሲ በ1938 የስሚዝን ዜማ በኦርኬስትራ ቀድቶ ከፍተኛ ሽያጭ ካገኘና ከካርኔጊው ኮንሰርት በኋላ ቡጊ-ዉጊ ፋሽን ሆነ። የኒው ዮርክ አሳታሚዎች በ1940ዎቹ የኖታ ወረቀቶችንና መማሪያ መጻሕፍትን አዥጎደጎዱ። በአሮጌ መጽሐፍ መደብሮች ዛሬ በብዛት የሚገኙትም እነዚህ ናቸው። ሲጠቀሙባቸው ጥንቃቄ ያሻል። ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ለሚጫወት ተማሪ እንዲቀሉ ተደርገዋል፤ የምቱን ውዝዋዜ ለማሳየት ረጅምና አጭር ኖታ እያፈራረቁ ሲጽፉት የሚወጣው ድምፅ ይንገጫገጫል። በሸክላው ላይ የሚሰማው በእኩል ምትና በዚህ አጻጻፍ መካከል ያለ ነው፤ ወረቀት በቀላሉ አይዘውም።

የጂሚ ያንሲ ሁኔታ ይህን ያጎላዋል። ያንሲ ለ25 ዓመታት ያህል በቺካጎ የዋይት ሶክስ ቤዝቦል ቡድን ሜዳ ጠባቂ ነበር። ሌሎቹን ያስተማረ ሰው ቢሆንም፣ የመጀመሪያ ሸክላውን የቀዳው በ1939 ነው። ዜማው በየትኛውም ቁልፍ ይሁን ሲጨርስ በኢ-ፍላት መዝጋት ልማዱ ነበር። ይህን የማያውቅ ኖታ ገልባጭ ስህተት መስሎት ቢያርመው አይገርምም፤ ያኔ ግን የያንሲ ፊርማ ጠፋ ማለት ነው። ከኋላ ከመጡት ቅጂዎች መካከል ኤሪክ ክሪስ በ1974 ያሳተመው የባረልሀውስና የቡጊ ፒያኖ መጽሐፍ ከሸክላዎቹ የተገለበጡ ኖታዎችን ስለሚይዝ ከ1940ዎቹ ወረቀቶች ይሻላል።

ራሱ ለመገልበጥ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ፍጥነቱን ያረጋግጥ። «78 ዙር» የሚባሉት ሸክላዎች በተቀዱበት ጊዜ ሁሉም በትክክል 78 ዙር አልነበሩም። በ78 መዞር የነበረበት በ82.6 ቢዞር ድምፁ በግማሽ ቶን ከፍ ይላል፤ በሲ የተጫወተው በሲ-ሻርፕ ይሰማል። የቡጊ-ዉጊ ፒያኒስቶች በአብዛኛው እንደ ሲ፣ ኤፍና ጂ ባሉ ቁልፎች ይጫወቱ ስለነበር፣ ቅጂው በብዙ ጥቁር ቁልፎች የሚጫወት ከመሰለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍጥነቱ ነው።

የባለቤትነት መብት

የሉዊስ «ያንሲ ስፔሻል» የተባለው ዜማ ባስ ተሰርቋል ተብሎ በሚራክል ሪከርድ ኩባንያ ላይ ክስ ቀርቦ ነበር። በ1950 የኢሊኖይ ፌዴራል ፍርድ ቤት ባሱ በጣም ቀላል ስለሆነ ጥበቃ አይገባውም፣ ደግሞም ሸክላ መሸጥ ራሱ ማሳተም ነው ሲል ወሰነ። በዚህ አስተሳሰብ ዜማውን በወረቀት ሳያስመዘግብ ሸክላ ያወጣ ፒያኒስት መብቱን ባወጣበት ቀን አጥቷል ማለት ነበር፤ ኖታ ለማይጽፉት ሙዚቀኞች ከባድ ፍርድ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ይህን ትርጉም በሕግ የሻረው በ1997 ነው፤ ሉዊስ ከሞተ ከ33 ዓመት በኋላ።

ዛሬ በአሜሪካ ሕግ ኖታና ቀረጻ ለየብቻቸው ይታያሉ። በዚያ ዘመን የታተመ ኖታ ከፍተኛው የጥበቃ ዘመን ከታተመ በኋላ 95 ዓመት ነው፤ ስለዚህ «ዘ ፋይቭስ»ን ማንም ሊያባዛው ይችላል። በ2018 በወጣው ሕግ ደግሞ ከ1923 እስከ 1946 የወጡ ሸክላዎች ለ100 ዓመት ይጠበቃሉ። የብላይዝ የ1924 ሸክላ ከ2025 መባቻ ጀምሮ የሕዝብ ንብረት ሆኗል። የሚቆጠረው ሸክላው ለገበያ ከወጣበት ዓመት እንጂ ከተቀዳበት አይደለም፤ የሉዊስ የ1927 ቀረጻ ዘግይቶ በመውጣቱ ጥበቃውም ይዘገያል።

የሚገኙባቸው ቦታዎች

በጆኒ ፓርት በቪየና የተመሠረተው ዶኪዩመንት ሪከርድስ ከጦርነቱ በፊት የተቀዱ የብሉዝ ሥራዎችን በአርቲስትና በጊዜ ቅደም ተከተል ደግሞ አውጥቷል። የድምፁ ጥራት እንደተገኘው ሸክላ ይለያያል፤ በሙሉነቱ ግን የሚስተካከለው አስቸጋሪ ነው። በኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ያለው የ78 ዙር ሸክላዎች ስብስብ የወረቀቱን ፎቶ ከድምፁ ጋር ስለሚያሳይ ቁጥሮችን ለማመሳከር ይረዳል። በኒው ጀርሲ በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የጃዝ ጥናት ተቋም ሸክላዎችንና ወረቀቶችን አንድ ላይ ይዟል። «ጃዝመን» በተባለው የ1939 መጽሐፍ ውስጥ ስለ ቡጊ-ዉጊ የጻፈው የዊልያም ረስል ስብስብም በሂስቶሪክ ኒው ኦርሊንስ ኮሌክሽን ውስጥ ይጠበቃል። ታሪኩን በሰፊው ለማንበብ የሚፈልግ በ1988 የታተመውን የፒተር ሲልቬስተርን መጽሐፍ ይፈልግ።

የሎማክስ የታኅሣሥ 1938 ቀረጻዎች በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ከፒያኖው ጋር የተጫዋቾቹ ንግግርም ስላለባቸው፣ አሞንስ፣ ሉዊስና ጆንሰን በራሳቸው አንደበት የሚሰሙት እዚያ ነው።